ጎንደር፦ ተማሪዎችን ፋሲል ግቢና ራስ ግንብ ሙዚየም ልንወስድ ነው፤ ከቤተሰብ የሚመጣ ዕቃስ ለሙዚየም እንዴት ይሰጣል?

የታሪክ_ክበብ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። እዚሁ ጎንደር የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ ክበብ አስተባባሪ ነኝ። ክረምቱ ሲወጣ 45 ያህል የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ተማሪዎችን ፋሲል ግቢንና ራስ ግንብ ሙዚየምን ልናስጎበኝ አቅደናል። ልጆቹ የከተማው ልጆች ናቸው፤ ግንቡን በየቀኑ ከውጭ ያዩታል፣ አብዛኞቹ ግን ከቅጥሩ አልፈው ገብተው አያውቁም። ሄደን፣ ፎቶ ተነሥተን፣ ለስላሳ ጠጥተን እንዳንመለስ ነው ስጋቴ።

ሁለተኛው ጉዳይ የመጣው ከወላጆች ነው። ክበቡ ሙዚየሙን ሊረዳ እንደሚፈልግ ሲሰሙ ቤታቸው ያለውን ለመስጠት የፈቀዱ አሉ፦ አንድ የጥልፍ ቀሚስና ካባ፣ አንድ ብራና መጽሐፍ፣ ጥቂት አሞሌ ጨው፣ ማርትሬዛ ብር፣ ፎቶግራፍ ደግሞ በየቤቱ። ተማሪዎቹ ያዋጡት ትንሽ ገንዘብም አለ። ከፊሉ ኮምፒውተር እንግዛ ይላል፣ ከፊሉ ወጥተን የግንቡን ግድግዳ እናጽዳ ይላል። ሥራውን የምታውቁት ከየት እንጀምር ትላላችሁ?

ቀሃ_ማዶ

መምህር፣ ስለ ጉብኝቱ እኔ ልበል፤ የዕቃውን ጉዳይ የሚያውቁት ይመልሱልዎታል።

ከወቅቱ ልጀምር። ጥቅምትንና ኅዳርን ይምረጡ። መስከረም መግቢያ ላይ ሣሩ ገና እርጥብ ነው፣ የድንጋይ ደረጃውም ያዳልጣል። የጥምቀት ሰሞን ከተማው በእንግዳ ይሞላልና ለትምህርት ጉብኝት አያስቡት። የፋሲል መዋኛን አሠራር ለማሳየት ደግሞ ገንዳው ባዶ ሆኖ ሳለ መሄድ ይሻላል። ውሃው ከቀሃ ወንዝ በቦይ ተስቦ እንዴት እንደሚገባ በግልጽ የሚታየው ያኔ ነው። ከግቢው ወደ 2 ኪሎ ሜትር ስለሚርቅ በእግር ይደረሳል። የግቢውን ትኬት ግን አይጣሉት፣ መዋኛው በር ላይም ይጠየቃል።

ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ያስገቡ። የተማሪዎቹን ቁጥር፣ ክፍላቸውን፣ ቀኑን፣ የኃላፊውን መምህር ስልክና አስጎብኚ ይፈልጉ እንደሆነ ይጻፉበት። ለግቢውና ለሙዚየሙ ለየብቻ ይጻፉ፤ አንዱ ለሌላው ያስተላልፋል ብለው አይተማመኑ። የተማሪ ክፍያ እንዲታሰብላቸው መታወቂያቸውን ይያዙ።

45 ልጅ በአንድ ጊዜ አያስገቡ። የማማዎቹ ደረጃ ጠባብ ነው፣ ከኋላ ያለው ልጅም አስጎብኚውን አይሰማም። 15፣ 15 አድርገው ይክፈሏቸው፤ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ መምህር ይመድቡ፤ በ30 ደቂቃ ልዩነት ያስገቧቸው። ጠዋት 2፡30 አካባቢ ቢጀምሩ ከምሳ በፊት ግቢውን ይጨርሳሉ። ሙዚየሙን ለሌላ ቀን ይተዉት። የደከመ ልጅ የሙዚየም መግለጫ አያነብም።

በግቢው ውስጥ ከደቡብ ወደ ሰሜን ይሂዱ። ከፋሲለደስ ግንብ (የነገሠው ከ1632 እስከ 1667 እ.ኤ.አ. ነው) ይነሡና የጻድቁ ዮሐንስን ቤተ መጻሕፍት፣ የታላቁ ኢያሱን ግንብ፣ የዳዊትን አዳራሽ እያዩ ወደ በካፋና ወደ ምንትዋብ ይለፉ። የዘመኑ ቅደም ተከተል በአካሄዱ ስለሚታይ የነገሥታቱን ስም ዝርዝር ማሸምደድ አያስፈልግም። ኢያሱ ግንብ ላይ ጣሪያው ለምን እንደሌለ ይጠይቋቸው። በእንግሊዞች የ1941 እ.ኤ.አ. የአየር ድብደባ መጎዳቱን ሲሰሙ፣ ጎንደር በምሥራቅ አፍሪካ የጣሊያን የመጨረሻ ምሽግ እንደነበረች ትምህርቱ ከፊታቸው ቆሞ ያገኙታል።

ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ መስኮት ወይም አንድ በር ይስጡት። 15 ደቂቃ እዚያው ቆሞ በእርሳስ ይሣለው። ቀዩ ድንጋይ የቱ ጋ ገባ? ጥቁሩስ? ቅስቱን የያዙት ድንጋዮች ስንት ናቸው? ምንትዋብ ግንብ ላይ በቀይ ድንጋይ የተሠሩትን መስቀሎች ከፋሲለደስ ግንብ ጋር ሲያነጻጽሩ በመካከል ያለው መቶ ዓመት ገደማ ምን እንደለወጠ ራሳቸው ያወጡታል። ስልካቸውን ያስቀምጡ ማለቴ አይደለም፤ ፎቶው ከሥዕሉ በኋላ ይሁን።

ራስ ግንብ ከነገሥታቱ ዘመን ሌላ የቅርብ ዘመን ታሪክም ስላለው ልጆቹን አስቀድመው ያዘጋጁ። በደርግ ጊዜ ሰዎች ታስረውበታል። ከክፍልዎ ውስጥ አያቱ ወይም አጎቱ እዚያ የነበረ ልጅ ሊኖር ይችላል፤ በሁሉ ፊት “የማን ዘመድ ታስሯል?” ተብሎ አይጠየቅም።

ሙዚየሙ ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ዕቃ ይምረጥና መግለጫው ያልመለሰለትን ሦስት ጥያቄ ይጻፍ። ወረቀቱን ሰብስበው ለሙዚየሙ ይስጡ። መግለጫ የሚጽፍ ባለሙያ ጎብኚ ምን እንዳልገባው የሚያውቅበት መንገድ እምብዛም የለውም። የ45 ልጅ ጥያቄ ትልቅ ስጦታ ነው።

ደብረ ብርሃን ሥላሴንና ቁስቋምን በሌላ ቀን ያድርጉት። ሥላሴ ጫማ ይወልቃል፣ ብልጭታ ያለው ፎቶ አይነሣም፤ ቀለሙ እንዳይጎዳ ልጆቹ ግድግዳውን በትከሻቸው እንዳይታከኩ ከበሩ ላይ ይንገሯቸው።

መዝገብ_ቤት

ወደ ዕቃው እንምጣ። ዕቃውን ከማስረከብዎ በፊት ታሪኩን ያስረክቡ። ያለ ታሪኩ የመጣ ካባ ትናንት ከገበያ ከተገዛ ካባ አይለይም። ታሪኩን የሚያውቁት ሰው ዛሬ በሕይወት አሉ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ላይኖሩ ይችላሉ። ክበብዎ ከማንም በተሻለ ሊሠራው የሚችለው ሥራ ይህ ነው፣ ገንዘብም አይጠይቅም።

ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል። ማን ለበሰው (ያዘው፣ ተጠቀመበት)? ለምን በዓል? ማን ሸመነው፣ ማን ጠለፈው፣ የት ሠፈር? ወደ ቤቱ በምን መንገድ ገባ፦ በውርስ፣ በጥሎሽ፣ በግዢ? ምኑ ተጠግኗል፣ መቼ? መልሱ “እናቴ እንዲህ ስትል ሰምቻለሁ” ከሆነ እንደዚያው ይጻፍ። የተሰማውንና የታየውን አትቀላቅሉ። ዓመተ ምሕረቱ ካልታወቀ ከሚታወቅ ነገር ጋር አያይዙት፤ “ከጣሊያን መውጣት በኋላ፣ ታላቅ ልጄ ሳይወለድ” የሚል መልስ ከግምት ቁጥር ይበልጣል።

ከዚያ የዕቃው መለያ ይሠራል። በዓለም ሙዚየሞች የታወቀው አጭር ቅጽ ዘጠኝ ነገር ይጠይቃል፦ የዕቃው ዓይነት፣ ከምን እንደተሠራና እንዴት፣ መጠኑ፣ የተጻፈበት ጽሑፍ ወይም ምልክት፣ መለያ ጉድለቱ (ቁራጭ፣ ቃጠሎ፣ ጥጋን)፣ መጠሪያው፣ የሚያሳየው ነገር፣ ዘመኑና ሠሪው። ከዚህ ጋር ፎቶ ይያያዛል፦ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከጎን፣ እንዲሁም ጉድለቱ ቀርቦ፤ አጠገቡ ማስመሪያ ተቀምጦ። ቅጹ የሚጠቅመው ዕቃ ሲጠፋ ነው። “አንድ የብር መስቀል ጠፋ” ብሎ ለፖሊስ ማመልከት ፋይዳ የለውም። “ቁመቱ 31 ሳንቲ ሜትር፣ በግራ ክንፉ ጫፍ የተሰበረ፣ ከእጀታው ሥር ሦስት ፊደል የተቀረጸበት” ከሆነ ግን ጠረፍ ላይም ቢሆን ይለያል።

ሙዚየሙ ዕቃውን ሲቀበል ቁጥር ይሰጠዋል። የተለመደው አሰጣጥ ዓመት፣ የስጦታው ተራ፣ የዕቃው ተራ ነው፤ 2018.4.2 ማለት በ2018 ዓ.ም. ከገባው አራተኛ ስጦታ ሁለተኛው ዕቃ ማለት ነው። ቁጥሩ በዕቃው ላይም በመዝገቡም ላይ ካልሰፈረ ሁለቱም ዋጋ የላቸውም። ጨርቅ ላይ በቀለም አይጻፍም፤ ቁጥሩ በነጭ የጥጥ ጥብጣብ ላይ ተጽፎ በማይታይ ጠርዝ በኩል በሁለት ልል ስፌት ይያዛል። ሸክላ ላይ መጀመሪያ ፓራሎይድ ቢ-72 የተባለው በአሴቶን የሚሟሟ ሙጫ በስሱ ይቀባል፣ ሲደርቅ በላዩ ይጻፋል፣ እንደገና ይቀባል። የጥፍር ቀለም በምትኩ አይሆንም፤ ይቢጫል፣ ይላጣል፣ ቁጥሩን ይዞት ይሄዳል። ሙጫው ከሌለ ቁጥሩ በእርሳስ የተጻፈበት ካርድ በጥጥ ክር ይታሰር።

የስጦታ ወረቀቱ ነገር እዚህ አገር ብዙ ጠብ አስነሥቷል። “አደራ ያዙልን” ተብሎ በቃል የገባ ዕቃ ቤተሰቡ ይመለስልናል ሲል፣ ተቋሙ የኔ ነው ሲል፣ ልጆቹ ያለ ማስረጃ ይከራከራሉ። ስለዚህ ከሦስቱ አንዱን ይምረጡ፦ ስጦታ፣ የመመለሻ ቀን ያለው ውሰት፣ ወይም ዕቃው ቤት ቀርቶ ፎቶውና ታሪኩ ብቻ ለሙዚየሙ የሚሰጥበት ቅጂ። የመረጡት ሁለቱም ወገን በፈረሙበትና ማኅተም ባረፈበት ወረቀት ይስፈር። የዕቃው ብዛትና ሁኔታው ይጠቀስ፤ ወራሾች ካሉ ፈቃዳቸው ይጨመር። “ሁልጊዜ ለሕዝብ ይታይ” የሚል ቅድመ ሁኔታ አታስገቡ። ጨርቅ ለብርሃን ያለ ዕረፍት ከተጋለጠ ይለቃል፤ ጥሩ ሙዚየም ለጥቂት ወራት አሳይቶ ያሳርፈዋል።

ስለ ብራናው። ከሁሉ በፊት የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ገጽ ያንብቡ፣ ወይም ግእዝ የሚያውቅ ካህን ያንብብልዎ። “ዝንቱ መጽሐፍ ዘ…” (ይህ መጽሐፍ የ…) ብሎ የቤተ ክርስቲያን ስም ከተከተለ፣ “ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ” (የሰረቀውና የፋቀው) የሚለው ውግዘትም ካለበት፣ መጽሐፉ የደብሩ ነው። ቤተሰቡ በቅንነት ቢያቆየውም ሊሰጠው አይችልም፤ በደብሩ አስተዳዳሪ በኩል መመለስ ነው ያለበት። ጸሎቱ ውስጥ ያለው የባለቤት ስም ተፍቆ ሌላ ስም የተጻፈበት እንደሆነም ልብ ይበሉ። እንዲህ ያለ ፍቅታ ያረጀም ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ሳይነኩት ፎቶ አንሥተው በወረቀቱ ላይ ይጥቀሱት። ገጹን በፕላስተር መለጠፍ፣ ሽፋኑን ቅቤ ወይም ዘይት መቀባት፣ በፌስታል ማሰር ሁሉም ይጎዱታል። በታጠበና በደረቀ እጅ ይያዝ። ጓንት ያደረገ እጅ ቅጠሉን በደንብ ስለማይዳስስ ጠርዙን ይቀድዳል።

ማርትሬዛው ላይ 1780 የሚል ዓመት ስላዩ የዚያ ዘመን ነው ብላችሁ አትጻፉ። ብሩ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዘመን ያንኑ ዓመት ይዞ ሲመታ ኖሯል። ይልቅ ክብደቱን ይመዝኑ፤ ትክክለኛው 28 ግራም ገደማ ነው። በአመድና በሎሚ አታጽዱት፣ ጥቁረቱ ጉዳት የለውም። የተገኘው በቁፋሮ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትንም ይከለክላል። ውጭ ያለ ዘመድ “ላኩልኝ፣ እዚህ ላስጠግነው” ቢል ይህን ንገሩት።

አባ_ጃሌው_ሠፈር

አክብሬ እቃወማለሁ። ለተቋም የተሰጠ ዕቃ ስንት ጊዜ ደብዛው ጠፍቷል! በ1932 እ.ኤ.አ. ከዳካር እስከ ጅቡቲ የተጓዘው የፈረንሳይ ቡድን የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው ነቅሎ፣ በምትካቸው ግልባጭ ለጥፎ ወሰዳቸው። ዛሬ ፓሪስ ናቸው። የጎንደር ሰው “እስቲ ላየው” ሲባል በሩን የሚዘጋው በከንቱ አይደለም። ቤተሰቡ ቤቱ ያስቀምጥ ነው የምለው።

መዝገብ_ቤት

ስጋትዎ በቦታው ነው። የአባ እንጦንስን የሚያህል ምሳሌም የለም፤ እንዲያውም ሥዕሎቹ የት እንዳሉ ዛሬ የምናውቀው ቡድኑ የወሰደውን እየጻፈ ስለወሰደ ነው። ከየደብሩና ከየቤቱ በጨለማ የወጣው ግን ማን እንደወሰደው እንኳ አይታወቅም፣ ፎቶ የለውም፣ ልኬት የለውም፣ ይመለስ ብሎ የሚከራከርለትም የለም። ስለዚህ ቤት የሚቀረውም ዕቃ ቢሆን ያው ዘጠኙ ጥያቄ ይሞላለት፣ ፎቶ ይነሣ፣ አንዱ ቅጂ ከቤት ውጭ ይቀመጥ። ቤት ማስቀመጥ ጥሩ ምርጫ ነው። ሳይመዘገብ ማስቀመጥ ግን ለሌባው ይመቸዋል።

የታሪክ_ክበብ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወላጆች ስብሰባ ላይ ሦስቱን ምርጫ አቀርባለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር። ካባው ብል በልቶታል፣ ሳጥኑ ውስጥ ትናንሽ ትሎች ታይተዋል፤ አያቲቱ ፀሐይ ላይ ላስጣው እያሉ ነው። አሞሌው ደግሞ በየክረምቱ ያልባል፣ ይፈረፈራል። የግድግዳውን ጽዳትም እስካሁን የመለሰልኝ የለም።

ኖራና_ድንጋይ

የግድግዳው አጭር ነው፦ አታጽዱ።

የግንቦቹ ድንጋይ የተያያዘው በኖራ ነው። የሽቦ ብሩሽ የድንጋዩን ፊት ይልጣል፣ ኖራውን ከመጋጠሚያው ይፈለፍላል፤ በሚቀጥለው ሰኔ ውሃው በዚያ ይገባል። በግድግዳው መካከል የበቀለ ቁጥቋጦ በእጅ ሲነቀል ሥሩ የያዘውን ድንጋይ ይዞ ይወርዳል። ባለሙያ ግንዱን ቆርጦ ሥሩን እዚያው እንዲሞት ያደርጋል፣ ክፍተቱን በኖራ ይሞላል። በተለይ በሲሚንቶ “ልንደፍነው” የሚል ሰው ካለ አስቁሙት። ሲሚንቶ ከድንጋዩ ይጠነክራል፣ እርጥበቱንም አያስወጣም፤ ውሃው መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን ራሱን ይበላዋል። በጣሊያን ጊዜ ጥገናው በሲሚንቶና በአርማታ ተሠርቶ ነበር፤ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በተካሄደው ጥገና ያ እየተነሣ በኖራ ተተክቷል። ግቢው በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ስለሆነ ማንኛውም ጥገና የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ይፈልጋል።

ጉልበት ማገዝ ከፈለጋችሁ በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይጠና፣ ኃላፊዎቹን አስፈቅዳችሁ በጓሮ ያለውን የውሃ መውረጃ ቦይ ከቅጠልና ከአፈር አጽዱ። ውሃ ከመሠረቱ ሥር እንዳይተኛ ማድረግ ከየትኛውም እጥበት ይበልጣል። የእርግብና የሌሊት ወፍ ኩስ ያለበት ክፍል ግን ለተማሪ አይደለም፣ አቧራው ሳንባ ያሳምማል።

መዝገብ_ቤት

ስለ ካባው፦ ፀሐይ ላይ አይሰጣ። ቀለሙ ይሄዳል፣ ትሉም ወደ ጥላው እጥፋት ይሸሻል እንጂ አይሞትም። ናፍታሊንም አትጨምሩ፤ ለሰው ጤና መጥፎ ነው፣ ሽታው ከጨርቁ አይለቅም። የወይራ ጭስም ዘይቱንና ጥቀርሻውን ጨርቁ ላይ ያስቀራል።

የሚሠራው ብርድ ነው። የሥጋ ማቆያ ፍሪዘር ያለው ቤት ፈልጉ፤ ከዜሮ በታች 18 ወይም 20 ዲግሪ መድረስ አለበት። ካባውን በንጹሕ አቡጀዲ ጠቅልሉት፣ ወፍራም ፕላስቲክ ውስጥ ክተቱት፣ አየሩን ተጭናችሁ አስወጡ፣ አፉን በሰፊ ፕላስተር አሽጉ። ሁለት ሳምንት ይቆይ። መብራት ለረጅም ሰዓት ከጠፋና ዕቃው ከለሰለሰ ቀኑ ከመጀመሪያው ይቆጠራል፤ በቀስታ የቀዘቀዘ ትል ብርዱን ስለሚለምድ ግማሽ ሥራ ከንቱ ነው። ሲወጣ ፕላስቲኩን አትክፈቱ። አንድ ሙሉ ቀን እንዲሁ ይቀመጥ፤ ላቡ ከፕላስቲኩ ውጭ እንዲያዝ ነው፣ ቶሎ ከተከፈተ ጨርቁ ላይ ያርፋል። ከዚያ የሞቱትን ትሎችና ኩሳቸውን ለስላሳ በሆነ ብሩሽ ወደ ወረቀት ጥረጉ። ሳጥኑ ተጠርጎ፣ ስንጥቁ ታይቶ፣ ፀሐይ መትቶት ካልሆነ ካባው አይመለስበት። ሳጥኑን ፀሐይ ቢመታው ችግር የለውም።

ይህ ለጥጥ፣ ለሱፍና ለሰፌድ ሥራ ነው። በቀለም የተሣለ እንጨት፣ ሥዕል ያለበት ብራና፣ ቆዳ የተወጠረበት ከበሮ ወይም በገና ፍሪዘር አይገባም፤ እንጨቱና ቀለሙ በተለያየ መጠን ስለሚኮማተሩ ቀለሙ ይነሣል።

መጠቅለያው አቡጀዲ አዲስ ከሆነ መጀመሪያ በሙቅ ውሃ ሁለት ጊዜ ይታጠብ፣ ማለስለሻ ሳይጨመርበት። ከፋብሪካ የመጣበት ማጠንከሪያ ራሱ ተባይ ይጠራል። ካባው ሲታጠፍ እጥፋቱ ውስጥ የተጠቀለለ አቡጀዲ እንደ ትራስ ይግባ፣ በዓመት አንዴም የእጥፋቱ ቦታ ይቀየር። የወርቅ ክር ጥልፍ የሚሰበረው ሁልጊዜ ያው መስመር ላይ ሲታጠፍ ነው።

አሞሌው የሚያልበው የአየሩ እርጥበት ከ75 በመቶ ሲያልፍ ነው፤ ጨው ከዚያ በላይ ውሃ ከአየር ይስባል፣ ሲደርቅ ደግሞ ውስጡ እንደገና እየጠጠረ ይሰነጣጥቀዋል። ጎንደር በሐምሌና በነሐሴ ይህን ያልፋል። መድኃኒቱ አየር የማያስገባ የፕላስቲክ ሣጥን ነው፤ ውስጡ ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ፍሬ)፣ ከአሞሌው በወረቀት ተለይቶ። ቀለም የሚቀይረውን ዓይነት ግዙ፣ ሲጠግብ ያሳውቃል፤ በ120 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ለሁለት ሦስት ሰዓት ቢደርቅ እንደገና ያገለግላል። አሞሌውን የታሠረበት ልጥ ካለ አትፍቱት፣ እሱም የዕቃው አካል ነው። ከማርትሬዛው፣ ከጎራዴውና ከማንኛውም ብረት ጋር በአንድ መደርደሪያ አታኑሩት። ጨው ብረትን ይበላል።

ፒያሳ_ፎቶ

ከሁሉ የሚበዛው ፎቶግራፍ ስለሆነ እሱን ልያዝ። ፎቶውን ለሙዚየም መስጠት አያስፈልግም፣ ቅጂው ይበቃል፤ ቤተሰቡም በዚህ ቶሎ ይስማማል።

በስልክ አታንሡት፣ ብርሃኑ ያንጸባርቃል፣ ጠርዙም ይጎብጣል። ጠፍጣፋ ስካነር ፈልጉና የታተመውን ፎቶ በ600 ዲፒአይ፣ ኔጋቲቭ ካለ በ2400 ገልብጡ። ዋናውን በቲፍ አስቀምጡ፣ ለመላላኪያ የሚሆነውን በጄፔግ አውጡ። ጀርባውንም ገልብጡ፦ የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ በእጅ የተጻፈ ቀንና ስም ያለው እዚያ ነው። ከፍሬም ውስጥ መስታወቱ ላይ የተጣበቀ ፎቶ በኃይል አይነሣም፤ ከነመስታወቱ ይገለበጥ። የፋይሉ ስም “አያቴ” እና “ሠርግ” እየተባለ አይሰጥ፤ የቤተሰቡ ቁጥርና የፎቶው ተራ ይሁን፣ ዝርዝሩ መዝገቡ ውስጥ ይግባ። ሦስት ቦታ ይቀመጥ፦ ሙዚየሙ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ቤተሰቡ።

ስሙን በሚያስጽፉበት ጊዜ ፎቶውን አስፍታችሁ በወረቀት አትሙና ሰዎቹ ላይ ቁጥር ስጡ። “ከግራ ሦስተኛው ማን ናቸው?” ብሎ አንድ በአንድ መጠየቅ ነው የሚሠራው። “እነዚህ እነማን ናቸው?” ከተባለ የሚመጣው የዋናው ሰው ስም ብቻ ነው። ከሰው አልፋችሁ ጀርባውን ጠይቁ፦ ይህ ሕንፃ የቱ ነው፣ ዛሬ ምን ሆኗል? የፒያሳ የጣሊያን ዘመን ሕንፃዎች፣ በ1954 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የጤና ኮሌጅ፣ የቅዳሜ ገበያ፣ የሙዚየም መዝገብ ውስጥ የሌሉት እነዚህ ናቸው፤ ነገሥታቱማ ተጽፎላቸዋል።

እማማና አባባን ስትቀዱ ስልኩን ከጥሪ ዝጉት፣ በሩን ዝጉ፣ ስልኩን አጠገባቸው በጨርቅ ላይ አኑሩት (ጠረጴዛ ላይ ከሆነ የስኒው ድምፅ ሁሉን ይሸፍናል)። መጀመሪያ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተናጋሪውን ስምና “ለሙዚየም እንዲቀመጥ ፈቅጃለሁ” የሚለውን ቃል ቅዱ። ከአንድ ሰዓት በላይ አታድክሟቸው። ዕቃውን ወይም ፎቶውን በእጃቸው ስጧቸው፣ ከዚያ ዝም በሉ።

የታሪክ_ክበብ

ገንዘቡ ላይ የመጨረሻ ምክር ብትሰጡኝ። ኮምፒውተር ወይስ ሌላ?

መዝገብ_ቤት

ኮምፒውተሩ ይቆይ። መረጃ የሚያስገባ ሰው ካልተመደበለት በሁለተኛው ዓመት አቧራ ይለብሳል። መጀመሪያ ሙዚየሙን ጠይቃችሁ የጎደለውን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ የምትገዙትንም በሕጋዊ ደረሰኝ ገዝታችሁ በዕቃ ገቢ ሰነድ አስረክቡ።

ብዙ ጊዜ የሚጎድሉት ርካሽ ነገሮች ናቸው፦ ባለ ደረቅ ሽፋን ትልቅ መዝገብ፣ 2ቢ እርሳስ፣ የጥጥ ጥብጣብ፣ አቡጀዲ፣ ክዳን ያላቸው ሣጥኖች፣ ሲሊካ ጄል፣ ሙቀት የማይረጩ የኤልኢዲ አምፖሎች፣ እንዲሁም ሦስት ትናንሽ የእርጥበት መለኪያዎች። መለኪያዎቹን ስትገዙ ሦስቱንም አንድ ላይ ለአንድ ቀን አስቀምጧቸው፤ ከሌሎቹ ከ5 በመቶ በላይ የሚለየውን መልሱት። አንዱ ዕቃ ቤት፣ አንዱ ጨርቅ ያለበት መስታወት ውስጥ፣ አንዱ ውጭ ጥላ ላይ ይሁን።

ከዚያ ሁለት ተማሪ በየዓርቡ ጠዋትና ከሰዓት ቁጥሩን ይጻፍ። ብራናና ጨርቅ ከ45 እስከ 55 በመቶ መካከል ይመቻቸዋል፤ ከ65 በላይ ለቀናት ከቆየ ሻጋታ ይጀምራል። በየሳምንቱ ከፍ ዝቅ የሚል ክፍል በቋሚነት ትንሽ ከፍ ካለው የባሰ ነው፤ ብራናው እየተነፋና እየተኮማተረ ቀለሙን ያራግፋል። ከመስከረም እስከ መስከረም የተጻፈ መዝገብ ካለ የትኛው መስኮት መዘጋት፣ የትኛው መደርደሪያ ከግድግዳው መራቅ እንዳለበት ያሳያል፤ ሙዚየሙም በጀት ሲጠይቅ ከማመልከቻው ጋር ያያይዘዋል። ታችኛው መደርደሪያ ከወለሉ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለቱን የመጀመሪያው ዓርብ ላይ ይለኩ።